ቀን ፋብሪካ፣ ማታ መድረክ፦ ለአንድ የሀዋሳ ጊታሪስት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሀዋሳ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ 11 ሰዓት እወጣለሁ። ጊታር ስጫወት ስድስት ዓመቴ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የሚሠራ ባንድ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት እንድጫወት ጠይቆኛል። ያለኝ ባለ ሦስት ፒካፕ የስትራት ቅጂ ጊታር (ክሩ 9 ቁጥር) እና አንድ ዲስቶርሽን ፔዳል ነው። ያጠራቀምኩት ብር ለአንድ ደህና ዕቃ ብቻ ይበቃል። አምፕ ልግዛ፣ ጊታር ልቀይር ወይስ ሌላ? የቀን ሥራዬን ሳልለቅ እችለዋለሁ? ስንትስ ልጠይቅ?»

ምላሹ፦

ወንድሜ፣ ሦስት ነገር ጠይቀሃል፤ መልሳቸው ግን አንድ ቦታ ይገናኛል። የባንድ መሪ ከጊታሪስት መጀመሪያ የሚፈልገው አለመቅረቱን ነው። ቀጥሎ ድምፁ መሀል ላይ አለመጥፋቱን። ያማረ ሶሎ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የቀን ሥራ ያለው ሰው ደግሞ የሚጠረጠረው በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው፤ «ይደክመዋል፣ ይቀራል» ይባላል። ስለዚህ ብርህም ጊዜህም መጀመሪያ የሚውለው መቅረትንና መቋረጥን በሚከላከል ነገር ላይ ይሁን። አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) አትግዛ፣ ጊታሩን ገና አትቀይር፣ ሐሙስን አትቀበል።

ከሐሙስ ልጀምር። ሥራው 7 ሰዓት ላይ ያልቃል። ገመድ ጠቅልለህ፣ ሒሳብ ተነጋግረህ፣ ባጃጅ አግኝተህ ቤት ስትገባ 8 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ወጥቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው ጥቂት ነው፤ 8:30 በለው። ጠዋት 12:45 መነሳት አለብህ። አራት ሰዓት ከሩብ ተኝተህ ዓርብን ሙሉ ስፌት ስታይ ትውላለህ፣ ዓርብ ማታ ያው ይደገማል፣ ቅዳሜም ሥራ አለ። ቅዳሜ ማታ መድረክ ላይ ስትወጣ በሁለት ሌሊት የተኛኸው ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ጥራት ቁጥጥር ደግሞ ዓይን የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ያለፈህ አንድ ካርቶን በስምህ ይመዘገባል። ዓርብና ቅዳሜን ብቻ ብትይዝ ግን በሳምንት የሚጎድልብህ አንድ ሌሊት ነው፤ የቅዳሜውን እሑድ ትተኛበታለህ። ለሐሙስ አንተ ራስህ ተኪ አምጣ። «ሐሙስ አልችልም» ከሚል ሰው ይልቅ «ሐሙስ እገሌ አለ፣ ዘፈኖቹን አብረን አጥንተናል» የሚለውን ባንዱ ይወስደዋል። ተኪህ የአንተን ማስታወሻ ደብተር፣ በአንተ ቁልፍና በአንተ ቅደም ተከተል፣ ይዞ ይውጣ።

ዓርብ ከሥራ እንደወጣህ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሸለብ በል፤ ከዚያ ከረዘመ ስትነሳ ጭንቅላትህ ይከብዳል፣ ጣትህም አይታዘዝም። የሲዳማ ቡና ደጃፍህ ላይ ነው፣ ማንም ይጋብዝሃል፤ ነገር ግን የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋልና የመጨረሻው ስኒ ከምሽቱ 3 ሰዓት ባይዘል ይሻላል። ጫትም የባሰ እንቅልፍ ይነሳል። በሁለቱ ሥራ መሀል የምትኖረው በእንቅልፍህ ነውና ለዚህ አትላላ።

ከፋብሪካው በኩል ማወቅ ያለብህን ባጭሩ ላንሳ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ አንተ እሱን ሞልተሃል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ኮንትራትህን አውጥተህ ሌላ ሥራ መሥራትን የሚከለክል ወይም አስቀድሞ ማሳወቅን የሚጠይቅ አንቀጽ እንዳለው አንብብ። ፈረቃ ሊቀየርብህ ይችላል የሚል ካለ ለባንዱ መሪ ዛሬውኑ ንገረው፤ በሥራው ቀን ከሚሰማው ዛሬ ቢሰማ አይቀየምም። የዓመት ፈቃድህ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ይጨመራል። ፈቃድ የሚወጣው አሠሪው በሚይዘው ፕሮግራም ስለሆነ የሠርግ ወራትን ቀድመህ ጠይቅ። ወደ ወራቱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዕቃው። አምፕ የማትገዛበት ምክንያት ብዙ ነው። ደህና የመድረክ አምፕ 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ በባጃጅ ሌሊት ይዞ መመላለስ ዕቃውንም አንተንም ይጎዳል። ሆቴሉ ሚክሰርና ስፒከር አለው፤ አምፕ ብታመጣም ሳውንድ ማኑ ማይክ ደቅኖበት ያንኑ ድምፅ ወደ ሚክሰር ይወስደዋል። ሦስተኛውና ዋናው የመብራት ጉዳይ ነው። አምፕህ መድረኩ ላይ ባለ አንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ አዳራሹ ጫፍ ባለ ሌላ ሶኬት ይሰካል። አንደኛው ሶኬት የመሬት መስመር ከሌለው ወይም ከተበጠሰ፣ የጊታርህ ክርና የማይክራፎኑ ብረት የተለያየ ቮልቴጅ ይይዛሉ። ጣትህ ክር ላይ እያለ ከንፈርህ ማይኩን ሲነካ ጅረቱ በአንተ በኩል ያልፋል። ይህ መንዘር ብቻ አይደለም፣ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ የምትገዛው ባለ ብዙ ኢፌክት ፔዳል ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይኑረው፦ የስፒከር ማስመሰያ እና በባትሪ የመሥራት አቅም። ዙም ጂ1 ኤክስ ፎር ሆነ ቦስ ጂቲ 1 ሁለቱም አሏቸው፤ ሁለቱም በ4 ትናንሽ ባትሪ ይሠራሉ፣ ቱነርም ውስጣቸው አለ። የስፒከር ማስመሰያው ለምን አስፈለገ ያልክ እንደሆነ፣ የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አብዛኛውን ይቆርጠዋል። ዲስቶርሽንህን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ብትሰካው ያ ሳይቆረጥ ይወጣና ዘይት እንደሚጠበስበት ምጣድ ይንቸሰቸሳል። ባትሪው ደግሞ መብራት በጠፋ ጊዜ ነው የሚያስፈልግህ። ጀነሬተር እስኪነሳ አዳራሹ ይጨልማል፤ ሲመለስ በመብራት ብቻ የሚሠራ ፔዳል ከዜሮ ይነሳል፣ የመረጥከው ድምፅ ጠፍቶ ሌላ ሊከፍትብህ ይችላል። በባትሪ ያለው ግን አልጠፋም፤ ስፒከሩ እንደተመለሰ አንተም አለህ። መብራት ኃይል በመለሰ ቅጽበት የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይም አያገኝህም። አራት አራት ሆኖ በሁለት ዙር የሚያገለግል የሚሞላ ባትሪ፣ ማለትም ስምንት ፍሬ፣ ያዝ፤ አራቱ ሲሠሩ አራቱ ይሞላሉ። የሚሞሉት 1.2 ቮልት ስለሆኑ ፔዳሉ የባትሪ ዓይነት መምረጫ ካለው አስተካክለው፤ አለበለዚያ ገና ሳያልቅ አልቋል ይልሃል።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው፣ ከማብራትህ በፊት የባትሪ ቤቱን ከፍተህ ዝገት እይ። እያንዳንዱን የእግር ማብሪያ ሃያ ጊዜ ርገጠው፤ ሁለት ጊዜ የሚቆጥር ወይም የሚዘል ካለ ተወው። ጃኩን ሰክተህ በቀስታ ወዝውዘው፤ ከተንኮሻኮሸ በውስጥ ያለው ብየዳ ተሰንጥቋል። ዓርብ ማታ የሚያሳፍርህ እሱ ነው።

ከተረፈህ ብር ዲአይ ቦክስ ግዛ። ተራ የጊታር ገመድ ከ6 ሜትር ሲረዝም ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፣ ከመብራትም ጩኸት ይሰበስባል። ዲአይ ቦክሱ ያንን ወደ ባለ ሦስት እግር የማይክ ገመድ ቀይሮ ሚክሰር ድረስ ንጹሕ አድርጎ ያደርሰዋል። ጉምጉምታ ካለ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን የመሬት መስመር ማላቀቂያ ማብሪያ ተጫን። የመሰኪያውን የመሬት እግር ግን አትቁረጥ፣ የሚቆርጥም ካለ ከልክለው። ፔዳሉ ሁለት መውጫ ካለው «ሞኖ» ከተጻፈበት ቀዳዳ ውጣ፤ ከሌላኛው ከወጣህ ግማሽ ድምፅህ ይቀራል። ዲአይ ቦክሱን እስክትገዛ ፔዳሉን በቀጥታ ሚክሰር ላይ የምትሰካ ከሆነ፣ በዚያ መስመር ላይ ሚክሰሩ ለማይክ የሚልከው 48 ቮልት እንዳይከፈት ሳውንድ ማኑን በስሙ ጠርተህ ንገረው።

መልቲሜትርም ጓዝህ ውስጥ ይኑር። ሳውንድ ቼክ ላይ ማይኩን በእጅህ ሳትነካ፣ መለኪያውን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አድርግ። ጥቂት ቮልት ካሳየ ችግር የለም። 30ና ከዚያ በላይ ካሳየ መጫወት የለም፤ መድረኩ ላይ ያለው ሁሉ ከሚክሰሩ ጋር ከአንድ ሶኬት በአንድ ማከፋፈያ እስኪሄድ ድረስ ቁም። ማንም ቢቸኩል አትስማው።

ጊታሩን አትቀይር ያልኩህ፣ የስትራት ቅጂ ሲስተካከል የባንድ ሥራ በሚገባ ስለሚሠራ ነው። አንድ ትልቅ ድክመት አለው፦ ብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ በኩል የሚያርፉበት ብረት) በስፕሪንግ ተንጠልጥሏል። አንድ ክር ሲበጠስ የስፕሪንጉ ጉልበት ያሸንፍና የቀሩት አምስቱ በአንድ ጊዜ ከቅኝት ይወጣሉ። ዘፋኙ መሀል ላይ ነው፣ አንተ የምትመታው ሁሉ ስህተት ይሆናል። ይህን ሳታስተካክል መድረክ አትውጣ። ክሮቹን አላላ። ከጀርባ ያለውን ፕላስቲክ ክፈት፤ ስፕሪንጎቹ የተያዙበት ብረት በሁለት ረጃጅም ብሎን ተይዟል። ስፕሪንጉ ሦስት ከሆነ አራት ወይም አምስት አድርገው። ሁለቱን ብሎን እያፈራረቅህ ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቅ፤ ቅኝ፤ ተመልከት፤ ድገም። የብሪጁ ጀርባ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥና አንዱን ክር ስትጎትት ሌሎቹ የማይወርዱ ሲሆን ደርሰሃል። የማንቀጥቀጫውን ዘንግ ጥቅም በከፊል ታጣለህ፤ ሠርግና ሆቴል ላይ ግን ማንም አይፈልገውም።

በዚያው ክሩን ከ9 ወደ 10 ቁጥር ቀይረው። ከ9 እስከ 42 ያለው ስብስብ በጠቅላላው 38 ኪሎ ገደማ ይጎትታል፤ ከ10 እስከ 46 ያለው 46 ኪሎ ገደማ። ችክችካ አምስት ሰዓት ሙሉ ሲመታ ወፍራሙ ቅኝቱን ይዞ ይቆያል፣ ቶሎም አይበጠስም። ጉልበቱ ስለጨመረ ኔኩ (የጊታሩ አንገት) ትንሽ ይጎብጣል። ሦስተኛውን ክር በግራ እጅህ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝህ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫንና 7ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እይ፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል፣ የስም ካርድ ውፍረት፣ ይበቃል። ከበለጠ የኔኩን ብሎን ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ብቻ አዙር፣ ቅኝ፣ እንደገና ለካ። ከሩብ በላይ በአንዴ የሚያዞር ሰው ነው ኔክ የሚሰብረው። 17ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው፤ እጅህ የሚከብድ ከሆነ እስከ 2 ድረስ ከፍ አድርገው፣ አለበለዚያ ይንጫጫል። ብሪጁን ስላወረድከው ክሮቹ ዝቅ ብለው ታገኛቸዋለህ፤ አትደንግጥ፣ ብሪጁ ላይ ያለውን የያንዳንዱን ክር ማረፊያ ከፍ ማድረግ ነው። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩንና ተጭነህ የምትመታውን አነጻጽር። የተጫንከው ከፍ ካለ የክሩን ማረፊያ ወደ ኋላ ሳበው፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት።

ስትቃኝ «ጢን» ብሎ የሚዘል ክር ካለ ወፍራሙ ክር ነቱ (በመቃኛው በኩል ክሮቹ የሚያልፉበት ማረፊያ) ቦይ ውስጥ እየተያዘ ነው። ቦዩን በእርሳስ አስነክተው፤ ካልበቃ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት በትንሹ አስፋው። ክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ እየተበጠሰ ካስቸገረህ ጥፋቱ የክሩ አይደለም። ብሪጁ ላይ የሚበጠስ ከሆነ ማረፊያው ላይ ስለት አለ፤ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አልስልሰው። መቃኛው ላይ የሚበጠስ ከሆነ ብዙ ዙር ጠቅልለህ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ክር በሥራው ቀን አይቀየርም። ዋዜማው ላይ ቀይር፣ በእጅህ እየሳብክ አለማምደው፣ እስኪረጋ ቃኝ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ለሚጫወት ሰው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መቀየር ይበቃል፤ ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ከላይም ከታችም ብትጠርገው።

ሐይቁ ዳር ከቤት ውጪ የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባልና ክርህ ሽቅብ ይወጣል። የመድረክ መብራት ሲመታው ደግሞ ይወርዳል። ጊታሩን ከቦርሳው አውጥተህ መድረኩ ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ አቆየውና ከዚያ ቃኝ። ቀን ፋብሪካ ስትውል ቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይም መስኮት አጠገብ አትተወው።

ድምፅህን ቤት በጆሮ ማዳመጫ ብታዘጋጅ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ነገር ነው የምትሰማው። ቤት ስንጫወት ቤዙንና ቀጭኑን እናበዛለን፣ መሀሉን እንቀንሳለን፤ አዳራሽ ውስጥ ያ ድምፅ ከድራሙና ከቤዝ ጊታሩ ሥር ይጠፋል። መሀሉን፣ 800 ኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ መልሰው። ሦስት ድምፅ ይበቃሃል፦ ንጹሕ፣ ትንሽ የሻከረ እና ለሶሎ ከንጹሑ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ከፍ ያለ። የሆቴል አዳራሽ ሴራሚክና መስታወት ነው፣ በራሱ ያስተጋባል፤ ሪቨርቡን ቀንስ ወይም አጥፋ።

ዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ የሚደግም ኢፌክት) ላይ ብዙ ጊታሪስት የሚሳሳተው ችክችካ ላይ ነው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ እያንዳንዱ ዋና ምት በሦስት ይከፈላል። ዋናው ምት በደቂቃ 120 ከሆነ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፣ ሲሦው 167። ዲሌይህን 167 ወይም 333 ላይ ካደረግከው ከከበሮው ጋር ይገጥማል። 250 ላይ ከተውከው ግን፣ ያ ግማሽ ምት ነውና፣ በእያንዳንዱ ምት መሀል የሌለ እግር ይረግጣል። ድራመሩ ለምን እንደተወናበደ ሳያውቅ ይወናበዳል፣ ጨፋሪውም እስክስታው ይሰበርበታል።

ቅኝትን በተመለከተ አንድ ብቻ ላንሳ፣ ሌላውን ታውቀዋለህ ብዬ አምናለሁ። ኮርድ ስትመታ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ አታስገባ። ሜጀር ትዝታ በሲ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ኤፍ የለበትም። አምባሰል በሲ፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ሙሉ ሲ ሜጀር ከመታህ ውስጡ ያለው ኢ ዘፋኙን ይጋጨዋል። አንቺ ሆዬ ላይ ደግሞ ፓወር ኮርድ (መነሻውና አምስተኛው ድምፅ ብቻ ያለው) እንኳ አያድንህም፤ በሲ ሲሆን ያለው ጂ ፍላት ነው፣ ጂ የለም። ጥርጣሬ ሲገባህ ዜማውን ከዘፋኙ ጋር በኦክታቭ ተከተል። ደብተርህ ላይ ለያንዳንዱ ዘፈን ቅኝቱን፣ መነሻውን፣ ፍጥነቱንና በማን ምልክት እንደሚያልቅ ጻፍ። ዘፋኝ «ግማሽ ከፍ አድርጉልኝ» ማለቱ አይቀርም፤ ኮርዶቹን በቁጥር ከጻፍካቸው ቁልፉ የትም ቢሄድ አትጠፋም።

ስንት ልጠይቅ ላልከው፣ ሌላው ስንት ይቀበላል ከማለትህ በፊት የራስህን ወለል አስላ። ደመወዝህን ለ208 ክፈል፤ በሳምንት 48 ሰዓት በወር ያንን ያህል ነው። ለማሳያ 10,400 ብር ብንል ሰዓቱ 50 ብር ነው። አዋጁ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን 1.75 እጥፍ ይሰጣል፤ የሌሊት ጉልበትህ ከዚያ ማነስ የለበትም። ያ 87.50 ነው። አሁን ሰዓቱን ቁጠር፣ የምትጫወተውን አምስቱን ብቻ አይደለም፦ ከ12:30 ከቤት መውጣትህ እስከ 8 ሰዓት መመለስህ ሰባት ተኩል፣ የልምምድ ድርሻ አንድ ሰዓት፣ በድምሩ ስምንት ተኩል። 744 ብር ያህል ይመጣል። ባጃጅ ደርሶ መልስ፣ ክርና ባትሪ ለምሳሌ 400 ብር ከሆነ፣ ከ1,150 ብር በታች የሆነ ሌሊት ኪሳራ ነው። በራስህ ቁጥር ሥራው። ከወለሉ በላይ ባለው ትደራደራለህ፣ ከወለሉ በታች በትህትና ትተወዋለህ።

ከብሩ እኩል የሚያጣላው ሳይነገር የቀረው ነው። ዘፋኙ የሚሸለመው ለማን ነው፣ ለእሱ ብቻ ወይስ ለባንዱ ይከፈላል? ሆቴሉ ሲሰርዝስ? አንዱ የመጫወቻ ዙር 45 ደቂቃ ተጫውቶ 15 ማረፍ ነው ወይስ እንደመጣ? በቃል ተስማምታችሁም ቢሆን በዚያው ቀን በቴሌግራም ጻፍለት፣ ይህን በሚመስል፦

«ሰላም፣ እንደተነጋገርነው ከፊታችን ዓርብ ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት እጫወታለሁ። ክፍያው በሌሊት ይህን ያህል ሆኖ በየእሑዱ ይሆናል። መመለሻ ባጃጅ በሆቴሉ ወጪ ነው። ሥራው በዕለቱ ተሰርዞ እኔ ከመጣሁ ግማሹ ይከፈላል። ሽልማቱ ለባንዱ እኩል ይከፈላል። ሐሙስን ተኪዬ ይሸፍናል፣ ክፍያውም ለእሱ ነው። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።»

ለብቻህ ለሠርግ የተጠራህ እንደሆነ ያለ ቀብድ ቀን አትያዝ፤ ከ30 እስከ 50 በመቶ ተቀበል። ቀብድ የሰጠ ሰው ሲሰርዝ ቀድሞ ይነግርሃል።

ወራቱን እንዲህ ያዛቸው። ጥር፣ ከፋሲካ በኋላም ሚያዝያና ግንቦት ሠርግ ይበዛል፤ ፈቃድህን ለእነዚያ ቀኖች ቀድመህ አስይዝ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከነቢያት ጾም ጋር ብዙ ቤት ሙዚቃውን የሚያቀዘቅዘው ያኔ ነው። የጥር ወርን ገቢ ለዚያ አሳድር፣ የዕቃ ዕዳም በዚያ ወር አትግባ። ሀዋሳ ግን የፕሮቴስታንት አማኝ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ የእነሱ ሠርግ በጾሙም አይቋረጥም፣ የሚጫወተው ሙዚቃ ግን ሌላ ነው፣ ንጹሕ ድምፅና ለስለስ ያለ እጅ ይፈልጋል። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጫምባላላ ደግሞ ቀኑን ሽማግሌዎቹ ሰማዩን አይተው ስለሚወስኑ ከሩቅ ልትቆርጠው አትችልም፤ የሲዳምኛ ዘፈኖቹን ሳምንታት ቀድመህ አጥና።

ጆሮህን ደግሞ አደራ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ከድራም ሲምባል አጠገብ አምስት ሰዓት ልትቆም ነው። የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ እንኳ ቢሆን ሲምባሉ ወዳለበት ጆሮ አድርግ። ጆሮህ ጠዋት እያፏጨ ከነቃህ ቦታ ቀይር ወይም ሞኒተርህን አስቀንስ።

ሦስት ወር ሠርተህ ብር ሲተርፍህ ቀጥሎ የሚገዛው ሁለተኛ ጊታር ነው፣ ርካሽም ይሁን፤ ሀምበከር ፒካፕ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ የጀነሬተርና የመብራት ጉምጉምታ አይሰበስብም። ተቃኝቶ መድረኩ ጥግ ይቁም። ክር ሲበጠስ ዘፈኑ ሳያልቅ ታነሳዋለህ። አምፕ ያን ጊዜም ወረፋው አልደረሰም፤ የራስህ መኪና ወይም ዕቃ የሚያሳድር ቤት ስታገኝ እንነጋገርበታለን።